ቆየት ያለ ዊንዶውስን ከፍላሽ ላይ ስለ መጫን፦ ለግል ተጠቃሚዎችና ለጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ ያገለገለ ኮምፒውተር ላላቸው ግለሰቦች፣ በተለይም በወረዳ ከተሞች የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሚሰጡ ዜጎች የቀረበ ነው። ሲዘጋጅ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ይጁቤ በምሳሌነት ታስባለች። በእንዲህ ያለች ከተማ ኮምፒውተሩ የተበላሸበት ሰው ባለሙያና መለዋወጫ ፍለጋ እስከ ደብረ ማርቆስ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። አማራጩ በእጁ ባለው ፍላሽ ሥራውን ራሱ መሥራት ወይም በአቅራቢያው ላለ ወጣት መስጠት ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች አሉ።

ከሁሉ በፊት የሚታየው በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሰነድ ነው። ዊንዶውስ ቢበላሽ እንደገና ይጫናል። በአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ ለዓመታት የተከማቸው የቤት ሽያጭና የኪራይ ውል፣ የውርስ አቤቱታ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የተማሪዎች ማስረጃ ግን ከጠፋ የሚተካው የለም። ባለጉዳዩ የታተመው ቅጂ ሲጠፋበት ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ነውና ጉዳቱ ከባለ ኮምፒውተሩ አልፎ ብዙ ቤት ይገባል።

የቆየ ዊንዶውስ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለምርቶቹ የሚሰጠው የደኅንነት ድጋፍ የጊዜ ገደብ አለው። ለዊንዶውስ ኤክስፒ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 8.1 ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛው ድጋፍ አብቅቷል። ድጋፉ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ሥራ ያቆማል ማለት አይደለም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኘው የደኅንነት ክፍተት አይደፈንም ማለት ነው። ለዊንዶውስ 10 የግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ የማሻሻያ ፕሮግራም መኖሩን ኩባንያው አሳውቋል፤ ለመመዝገብ የማይክሮሶፍት አካውንትና 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻው እትም ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፣ 64 ጊጋ ባይት የዲስክ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአጠቃላይ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ስለዚህ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ የሚጠቀም ብዙ ሰው ሳይወድ በቆየው ላይ ይቆያል። ሌላው ምክንያት ፕሮግራም ነው። የቆየ የፒችትሪ እትም፣ አዲስ ድራይቨር ያልወጣለት ፕሪንተር ወይም ስካነር፣ በድሮ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች ባለቤታቸውን ከዊንዶውስ 7 ጋር ያስሩታል።

ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱ ሳይኖር «ዊንዶውስ 7 ይፈጥናል» ተብሎ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ አይመከርም። ፍጥነቱ ከሆነ ችግሩ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ወይም ራም መጨመር ከየትኛውም የዊንዶውስ ቅያሪ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ማሽኑ 2 ወይም 4 ጊጋ ባይት ራም ብቻ ያለው ሆኖ ሥራውም ደብዳቤ መጻፍና ድረ ገጽ መክፈት ከሆነ፣ ያለ ክፍያ የሚገኙት ሉቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ድጋፍ ያላቸው አማራጮች ናቸው። ፒችትሪን ግን አያሠሩም።

መጀመሪያ መትረፍ ያለበት

ሰነዶችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ሁሉም የሚያውቀው ጥንቃቄ ነው። በአማርኛ ለሚሠራ ጽሕፈት ቤት ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ፎንቱ አብሮ ካልተቀመጠ የተረፈው ሰነድ ላይነበብ ይችላል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መለያ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ከራሱ ጋር የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት ከማይክሮሶፍት ጋር የመጣው በዊንዶውስ ቪስታ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በየጽሕፈት ቤቱ ይሠራ የነበረው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በብራናና በመሳሰሉት ነበር። የእነዚህ የቀድሞ እትሞች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለዚህ ሰነዱ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝርዝር ብቻ ይታያል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የሚያነበው ፎንት የለም። ባለጉዳዩ ግን ውሉ የጠፋ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ባለሙያው ራሱ ፋይሉን በቫይረስ የተጠቃ አድርጎ ያጠፋዋል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ገና የሚከፈት ከሆነ በሲ ድራይቭ ላይ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ሥር የሚገኘውን ፎንትስ የተባለ ፎልደር በሙሉ ይገልብጡ። ቦታው ጥቂት ነው፤ መምረጥ አያስፈልግም። በጣም አስፈላጊ የሆኑትን ሰነዶች ደግሞ ፎንቱ እያለ በፒዲኤፍ ያስቀምጧቸው፤ በፒዲኤፍ ውስጥ ፎንቱ አብሮ ስለሚቀመጥ ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ኮምፒውተር ይነበባሉ። ወደ ዊንዶውስ 10 ለሚሸጋገሩ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፦ በዚህ እትም ኒያላ እንደ ተጨማሪ አማራጭ የሚጫን እንጂ ከመጀመሪያው የተቀመጠ አይደለም። አማርኛው የሚታየው ኢብሪማ በተባለ ሌላ ፎንት ነውና በኒያላ የተዘጋጀ ባለብዙ ገጽ ሰነድ የገጽ አቆራረጡ ሊዛባ ይችላል።

የሂሳብ ፕሮግራም ያለው ሰው የፕሮግራሙን ፎልደር ከመገልበጥ በተጨማሪ ፕሮግራሙ ራሱ በሚሰጠው የመጠባበቂያ ትእዛዝ ቅጂ መያዝ፣ የመጫኛ ዲስኩና የመለያ ቁጥሩ በእጁ መኖሩንም ማረጋገጥ አለበት። ዴስክቶፕ ላይና ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚገኘው በሲ ድራይቭ ላይ መሆኑም አይዘንጋ፤ «ዲ ላይ ስለሆነ አይነካም» ተብሎ የሚታለፈው ፋይል ብዙ ጊዜ ዲ ላይ አይደለም። የተገለበጠውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ሦስትና አራት ሰነድ ማየት ይገባል።

ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የባዮስ ቅንብር ሲነካ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል፤ አስቀድሞ ተፈልጎ በወረቀት ይጻፍ።

ፍላሹን ማዘጋጀት

8 ጊጋ ባይት የሚይዝ ፍላሽ ይበቃል። በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይመረጣል። ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ሲዞር የኖረ፣ ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይር ቫይረስ የታየበት ፍላሽ ለዚህ ሥራ አይውልም። በገበያ ላይ ከተጻፈባቸው መጠን እጅግ ያነሰ የሚይዙ አስመሳይ ፍላሾችም አሉ። አንድ ትልቅ ፋይል ገልብጦ ሳይቋረጥ መልሶ እንደሚከፈት ማየት ከመሐል መንገድ ውድቀት ያድናል።

የመጫኛው ፋይል ከየት ይገኛል? ለዊንዶውስ 10 ፍላሹን የሚያዘጋጀው መሣሪያ በራሱ በማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ይገኛል። ፋይሉ ጥቂት ጊጋ ባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ጥሩ መስመር ባለበት ቦታ አዘጋጅቶ ይዞ መመለስ ይቀላል። የዊንዶውስ 7 ጉዳይ የተለየ ነው፤ ኩባንያው የመጫኛ ፋይሉን ለሕዝብ ከሚያቀርብበት ገጽ ላይ አንስቶታል። አስተማማኙ ምንጭ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣው ወይም በሕጋዊ መንገድ የተገዛው ዲቪዲ ነው። ዲቪዲ ማንበቢያ ባለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወደ አይኤስኦ ፋይል ይቀየርና ወደ ፍላሽ ይተላለፋል።

በየቦታው የሚዞሩት «ሁሉ የተሞላላቸው»፣ ፈቃድ የማይጠይቁ፣ ከነፕሮግራማቸው የተዘጋጁ ቅጂዎች ዋነኛ የአደጋ ምንጭ ናቸው። ማን እንዳዘጋጃቸውና ምን እንደተጨመረባቸው የሚታወቅበት መንገድ የለም። ፈቃድ ሰባሪ ፕሮግራሞችም ሥራቸውን ለመጀመር ጸረ ቫይረሱ እንዲጠፋ የሚጠይቁት በከንቱ አይደለም። በዊንዶውስ 7 ዘመን የተሠራ ኮምፒውተር የፈቃድ ቁጥሩ በሳጥኑ ጎን ወይም በላፕቶፑ ሆድ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ከጊዜ ብዛት ሳይፋቅ ፎቶ ያንሱት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በፋብሪካ የተጫነባቸው ማሽኖች ቁጥሩን በቦርዳቸው ውስጥ ይዘውታል። ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ግን በዊንዶውስ 7 ቁጥር ዊንዶውስ 10ን አዲስ ማስፈቀድ ቀርቷል።

አይኤስኦውን ወደ ፍላሽ ለማስተላለፍ ሩፈስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይታወቃል። ፋይሉን ፍላሹ ላይ እንዲሁ መገልበጥ አይበቃም። ማዘጋጃው ኮምፒውተር ራሱ ዊንዶውስ 7 ከሆነ የሚሠራው የሩፈስ እትም እስከ 3.22 ያለው ነው። በዝግጅቱ ወቅት የሚቀርበው ዋናው ምርጫ ኤምቢአር ወይስ ጂፒቲ የሚለው ነው። ለአሮጌ ኮምፒውተርና ለባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ኤምቢአር ከባዮስ ጋር፣ ለዊንዶውስ 10 በአዲስ ማሽን ላይ ጂፒቲ ከዩኢኤፍአይ ጋር ይመረጣል። የፍላሹና የዲስኩ አከፋፈል ካልተጣጣመ መጫኛው «በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም» ይላል። ያኔ ዲስኩን መቀየር ማለት በላዩ ያለውን ሁሉ፣ ዲ ድራይቭንም ጨምሮ፣ መደምሰስ ነው። መልእክቱን ያየ ሰው ቆም ብሎ ፍላሹን በሌላው ዓይነት ቢያዘጋጅ ይሻላል።

ከፍላሹ ማስነሳት

ኮምፒውተሩ ሲበራ የማስነሻ ዝርዝር የሚከፍተው ቁልፍ እንደ አምራቹ ይለያያል። በዴል፣ በሌኖቮና በቶሺባ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9፣ በኤሱስ ላፕቶፕ የመውጫው ቁልፍ የተለመዱ ናቸው። ከዝርዝሩ ፍላሹ ይመረጣል። በባዮስ ውስጥ የማስነሻ ተራውን በቋሚነት ቀይሮ ፍላሹን አንደኛ ማድረግ ግን አይመከርም። ዊንዶውስ 7 በዚህ መልክ ሲጫን የማስነሻ ፋይሎቹን ፍላሹ ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ በኋላ ፍላሹ ሲነቀል ኮምፒውተሩ አልነሣም ይላል። ፍላሹን ሁልጊዜ ሰክተው የሚሠሩ ሰዎች ያሉት በዚህ የተነሣ ነው።

ዊንዶውስ 7 ሴኪዩር ቡት ከተባለው ጥበቃ ጋር አይሄድም፤ በባዮስ ውስጥ መጥፋት አለበት። ሌጋሲ ወይም ሲኤስኤም የሚለው ምርጫም መብራት ይኖርበታል። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ማሽኖች ይህ ምርጫ የላቸውም፤ በእነዚህ ላይ ዊንዶውስ 7ን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙዎችን የሚያቆመው ችግር ደግሞ ይህ ነው። መጫኛው ይነሣል፣ ቋንቋ ይጠይቃል፣ ከዚያ የሲዲ ድራይቨር ይጎድላል የሚል መልእክት ያወጣል፤ ወይም ኪቦርዱና ማውሱ ይሞታሉ። የጎደለው የሲዲ ነገር አይደለም። ዊንዶውስ 7 በተሠራበት ጊዜ ዩኤስቢ 3.0 ገና ስላልተስፋፋ ድራይቨሩን አልያዘም፤ ስለዚህ የተነሣበትን ፍላሽ ራሱ ማየት ያቅተዋል። ፍላሹን ከሰማያዊው ቀዳዳ ነቅሎ ወደ ጥቁሩ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ መሰካት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ከ6ኛው ትውልድ የኢንቴል ማሽኖች ጀምሮ ግን ቀዳዳዎቹ ሁሉ በአዲሱ መቆጣጠሪያ ስለሚያልፉ ቀዳዳ መቀየር አይጠቅምም፤ ድራይቨሩን አስቀድሞ በመጫኛው ውስጥ ማካተት ወይም ዊንዶውስ 10ን መምረጥ ግድ ይሆናል። ኤንቪኤምኢ የተባለውን ፈጣን ዲስክም ዊንዶውስ 7 በራሱ አያውቀውም።

መጫን

ሥራው እንደ ማሽኑ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት ወይም ነጎድጓድ ባለበት የክረምት ከሰዓት በኋላ አይጀመር፤ ላፕቶፕ ባትሪው ሞልቶ፣ ዴስክቶፕ ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ቢሠራ ይመረጣል። በመጫን መካከል መብራት ቢጠፋ ከመጀመሪያው መድገም ነው፤ ባዮስ እየታደሰ ሳለ ቢጠፋ ግን ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ዩፒኤስ የሌለው ሰው ባዮስን ማደስ የለበትም።

መጫኛው ሲጠይቅ «ከስተም» የሚለው ይመረጥና የዲስኩ ክፍሎች ዝርዝር ይቀርባል። ጥንቃቄው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ገጽ ላይ ነው። ክፍሎቹ በሲና በዲ ስም ሳይሆን በቁጥርና በመጠን ይታያሉ፤ ፍላሹም አብሮ ሊዘረዘር ይችላል። የሲ ድራይቭን መጠን አስቀድሞ በወረቀት የጻፈ ሰው አይሳሳትም። ክፍሉን ፎርማት ሳያደርጉ ከተጫነበት የቀድሞው ዊንዶውስና የተጠቃሚው ፋይሎች «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚል ፎልደር ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ ጨርሶ አልነሣ ብሎ ፋይል ማውጣት ላልተቻለበት ሰው ይህ የመጨረሻው ዕድል ነውና ፎርማት የሚለውን ለመንካት አይቸኩሉ።

ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ሲነሣ ከፍላሹ እንዲነሣ የሚጋብዘው መልእክት ቢመጣ ምንም ቁልፍ አይነካም። ከተነካ መጫኑ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ከተጫነ በኋላ

በመጀመሪያ የሚታየው ቀንና ሰዓት ነው። በቆየ ኮምፒውተር ላይ የቦርዱ ትንሽ ባትሪ ስላለቀ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ድረ ገጾች ሁሉ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ እያወጡ አይከፈቱም። ባትሪው ክብ፣ በስፋት የሚገኝና ርካሽ ነው። ተመሳሳይ ችግር የሚመጣው ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሞሉትም ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ነውና ከሰባት ወይም ስምንት ዓመት በፊት እንዳለ ይቆጥራል። ሰዓቱም እንዲሁ የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ማድረግ ለኢትዮጵያ ትክክል ነው።

የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር አስቀድሞ በሌላ ፍላሽ ካልተያዘ ዊንዶውስ 7 ኢንተርኔት ላያገኝ፣ ኢንተርኔት ስለሌለም ድራይቨሩን ማውረድ ላይቻል ይችላል። ከዚያ ሰርቪስ ፓክ 1፣ ቀጥሎ ቁጥሩ 4474419 የሆነው ማሻሻያ ይጫናል፤ ያለዚህኛው በኋላ የወጡት የዊንዶውስ 7 ማሻሻያዎች አይቀበሉም። ክሮም ብሮውዘር ከ109ኛው እትም በኋላ፣ ማለትም ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ፣ ዊንዶውስ 7ን ትቷል። ኤክስፒ ላይ ደግሞ አብዛኞቹ የመንግሥት አገልግሎት ገጾች ጨርሶ አይከፈቱም፤ ጉድለቱ የኔትወርክ መስሎት ደጋግሞ ካርድ የሚሞላ ሰው ይህን ይወቅ።

የተጫነው ኮምፒውተር ለምን ሊውል ይገባል?

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በርካታ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ ከተጠቁት አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበራቸው ናቸው። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር ገደማ በፊት ወጥቶ ነበር፤ ተጠቂዎቹ አልጫኑትም። ዛሬ ለዊንዶውስ 7 አዲስ ክፍተት ቢገኝ የሚጫን ማሻሻያ የለም። ስለዚህ ፒችትሪ ወይም የድሮ ሰነድ የሚያስገድደው ሰው ያን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ለይቶ ለዚያ ሥራ ብቻ ቢያውለው፣ ኢንተርኔት የሚነካውን ሥራ በሌላ ማሽን ወይም በስልክ ቢሠራ ይመረጣል።

የፋይዳ ቁጥር፣ የፓስፖርት ማመልከቻ፣ የተማሪ ምዝገባ፣ የባንክና የቴሌብር የይለፍ ቃል ድጋፍ ባበቃ ኮምፒውተር ላይ መግባት የለባቸውም። አገልግሎት ፈልጎ ወደ ኢንተርኔት ቤት የሚሄድ ዜጋ ኮምፒውተሩ በየትኛው ዊንዶውስ እንደሚሠራ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው ነውር የለበትም። የይለፍ ቃልና በስልክ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም ለጸሐፊው አይነገርም። የደንበኞቹን የመታወቂያ ቅጂና ፎቶግራፍ በዲስኩ የሚያስቀምጥ ጽሕፈት ቤት ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንደሚመለከተው ማወቅ ይኖርበታል፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ቅጂውን ማጥፋት ተገቢ ነው።

ኮምፒውተሩን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው የትኛው ፎልደር መትረፍ እንዳለበት በጽሑፍ ይስጥ፤ ቢቻል ሥራው ሲሠራ እዚያው ይቀመጥ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ከተተካ ይመለስልኝ ይበል። ፈጣኑ ፎርማት ፋይሉን አይደመስስም፤ ማውጫውን ብቻ ያነሣል። ዲስኩን የገዛው ሦስተኛ ሰው በነጻ ፕሮግራም የውሉን ረቂቅና የመታወቂያውን ቅጂ መልሶ ሊያወጣ ይችላል። ዲስኩ የሚሸጥ ከሆነ በሙሉ ፎርማት፣ ማለትም «ፈጣን» የሚለው ምልክት ተነሥቶ፣ ይጠረግ፤ የማይሠራ ከሆነም ከመጣሉ በፊት ይሰበር።